ንቅሳት ላይ የታሰረ ሰዓት

ወንድሜ ሰዓቱን ያመጣው እሁድ ነው፤ እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን አጣጥፋ ሳትጨርስ። ከካርቶኑ አውጥቶ ራሱ ሊያስርላት እጇን ያዘ። ሰዓቱ ጥቁርና አራት ማዕዘን ነው፤ ሆዱ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። መጀመሪያ የያዘው ቀኝ እጇን ነበር።

«በቀኜማ አማትብበታለሁ» አለችና ግራዋን ሰጠችው።

የእናቴ ግራ እጅ ከአንጓው ወደ ላይ አራት ጣት ያህል ንቅሳት ነው። ልጅ ሳለች፣ ትግራይ፣ አንዲት የሰፈሯ ሴት በእሾህና በጥላሸት የወጋቻት መስቀሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ አምባር ይዞሯታል። መስመሮቹ በዕድሜ ብዛት ተስፋፍተው ስለተዋሃዱ ከራቅ ብሎ ለሚያይ ሰው አንጓዋ ላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጨርቅ የጠመጠመች ትመስላለች። ሰዓቱ እዚያ ላይ ታሰረ። ከሦስታችን ማናችንም ምንም አላሰብንም።

«በቃ እማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልብሽ ኪሴ ውስጥ ናት» አላትና ስልኩን አሳያት። ሰዓቱ ከእሷ ስልክ ጋር፣ የእሷ ስልክ ከእሱ ስልክ ጋር ይነጋገራል። እሱ ስልክ ላይ አንዲት ቀይ ልብ ትዘላለች፤ ከሥሯ ሰባ ሁለት ይላል።

«እዋይ!» አለች። እናቴ ስትደነቅ አፏ ወደ ትውልድ አገሯ ይመለሳል። «ሰባ ሁለት ጥሩ ነው?»

«የወጣት ነው።»

«ሰማህ?» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ፤ እኔ እንደተከራከርኳት ሁሉ።

ሰዓቱ እንዲመጣ ምክንያቱ እኔ ነበርኩ። እናቴ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና ጥለት የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለቻት። ሲመሽ ሱቋን ዘግቼላት ዘንቢሏን ተሸክሜ ዳገቱን አብረን እንወጣለን። ክረምቱ ሲወጣ ዳገቱ መሃል መቆም ጀመረች። አቋቋሟ እንደ ደከመው ሰው አልነበረም። ከሩቅ የጠራትን ሰው ድምፅ እንደምታጣራ ሆና ነው የምትቆመው።

«ምን ሆንሽ?» ስላት፣

«ልቤን እንቅፋት መታት» ትለኛለች።

አንድ ቀን ዘንቢሉን መሬት አስቀምጬ ጣቶቼን ከአውራ ጣቷ ሥር አሳረፍኩ። እኔ ገጣሚ ነኝ፤ ግጥም ያስተማረኝ ሰው ግን የለም። ምጣኔን የተማርኩት ብቻዬን ነው፤ ጠረጴዛ በጣቴ እየደበደብኩ። ከዚህ የተነሳ ከስንኝ አንዲት ቀለም ስትጎድል ከዓይኔ ይልቅ ጣቴ ቀድሞ ያውቃል። የእናቴ የደም ሥር ሁለት ሦስቴ በሥርዓት ይመታል፣ አንዱን ይዘላል፣ ሁለቱን ደርቦ ይጥላል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ውሻ እንዳባረረው ይሮጣል። ሰክሮ የሚጽፍ ገጣሚ እንኳ ስንኙን እንደዚያ አያበላሽም።

ለወንድሜ የደወልኩት ያን ዕለት ነው። እሱ ቢሮ ይሠራል፤ ሚስትና ልጆች አሉት፤ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ይኖራል። ፒያሳ የሚመጣው ለበዓል ነው፤ የሚደውለውም ሲያስታውስ። ሐኪም ቤት እንውሰዳት አልኩት።

«ዝም ብሎ አይኬድም» አለኝ። «መጀመሪያ መከታተል ነው። ዳታ ያስፈልጋል።»

ዳታው ያ ሰዓት ነበር።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ እኔም ተደስቼ ነበር። እናቴም ቤት ውስጥ እንደ ሙሽራ ነበር የምትሆነው። ወንድሜ ጠዋት ቢሮ ከመግባቱ በፊት ይደውላል፤ «እማ፣ ሌሊቱን ደህና ነው ያደርሽው፤ ስድሳ ስምንት» ይላታል። ምሳ ሰዓት ላይ ይደውላል። ሱቅ ውስጥ ክር እየለካች ስልኳ ሲጮህ ገበያተኛዋን «ቆይ አንዴ፣ ልጄ ልቤን ሊጠይቅ ነው» ትላታለች። የጎረቤት ሱቅ ሴቶች ቀኑባት።

ዳገቱ ላይ ግን መቆሟ አልቀረም። አንድ ማታ እንደገና ቆመች። ቀኝ እጇን ያዝኩ፤ ልቧ ከጣቴ ሥር ይጋልባል፤ እየተጋደመ፣ እየተነሳ። ግራ እጇ ላይ ሰዓቱን አየሁ። ሰባ አራት። ዓይኔን ማመን አቃተኝና ጠበቅኩ። ሰባ አራት። እዚያው ቆሜ ለወንድሜ ደወልኩ።

«እኔም ጋ ሰባ አራት ነው የሚለው» አለ በእርጋታ። «ምን ይሁን ነው የምትለው?»

«ሰዓቱ ተሳስቷል። እኔ ይዤዋለሁ እኮ፤ እጇን ይዤ ነው የማወራህ!»

«ስማ ወንድሜ፣ አንተ ገጣሚ ነህ። ገጣሚ ካፊያውን ጎርፍ ያደርገዋል። እሱ ሥራህ ነው፤ አልተቀየምኩህም። እኔ የማየው ግን ቁጥር ነው።»

ቁጥር ሲናገር ሰው ዝም እንዲል የወሰነው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ሌላ ቀን ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። ቤት ነን፤ እናቴ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ሽሮ ትነፋለች። ወንፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ። ፊቷ ሰላም ነው፤ መዝሙር ታንጎራጉራለች። ስልኳ ጮኸ።

«እማ! ምን እየሆንሽ ነው? ልብሽ መቶ ሃያ ስድስት ገባች እኮ!»

«ሽሮ እየነፋሁ» አለች በሳቅ።

ወንፊቱን አስቀምጣ ስታወራ ከኋላዋ መጥቼ ቀኝ እጇን ያዝኩ። በዝግታና በሥርዓት ነበር የሚመታው፤ ከሰነበተበት ሁሉ የተሻለ። ወዲያው ወንፊቱን አንስታ ቀጠለች፤ ቁጥሩ እንደገና ወጣ። ስታዘገይ ወረደ። ሰዓቱ ይከተል የነበረው ወንፊቱን ነበር።

ይህን ለወንድሜ ብነግረው ሳቀ። «የወንፊት ልብ ምት! ይሄንን ግጥም አድርገው። ሰው ሲሠራ ልቡ ይጨምራል፣ ሲያርፍ ይቀንሳል። ሰዓቱ ይሠራል ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ ነው ሰዓቱን ወደ ኬክ ቤት የወሰድኩት። ቻርጅ ላድርግልሽ ብዬ ከእጇ ፈታሁና ይዤው ወጣሁ። ፒያሳ፣ ሁልጊዜ የምንቆምበት ባንኮኒ ጋ፣ ፎቶ ቤት የሚሠራው ጓደኛዬ ማኪያቶውን ይዞ ቆሟል። ነገሩን ሁሉ አጫወትኩት። እሱ ነገር ሲሰማ ከመመለስ መሞከር ይቀናዋል።

«ስጠኝ እስኪ» አለ። ከፊቱ ከተቀመጠው ሳህን ላይ አንድ ፉርኖ አንስቶ ሰዓቱን ወገቡ ላይ አሰረበት። አረንጓዴው መብራት ዳቦው ላይ ብልጭ ድርግም አለ። ሦስታችን፣ አሳላፊው ጭምር፣ አንገታችንን አስግገን ጠበቅን። ሰዓቱ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሰባ ስምንት አለ።

«ኧረ ይሄ ፉርኖ በሕይወት አለ!» ጮኸ ጓደኛዬ።

«ቀስ በል ባክህ፤ ልትበላው እንደሆነ ገብቶታል፤ ልቡ የምትመታው ለዚያ ነው» አለ አሳላፊው።

«የእኔ እኮ በማኪያቶ ብቻ ዘጠና ናት። ይሄ ስፖርተኛ ነው! ፍሬንድ፣ ሐኪም ቤት ከመሄድ ዳቦ ቤት መወለድ።»

ባንኮኒውን ተደግፎ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ጓደኛዬ በስልኬ ቀረጸው፤ እኔም ቪዲዮውን ለወንድሜ ላክሁት። ከሥሩም «ታናሽ ወንድማችንን ተዋወቀው፤ ልቡ ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ።

እንዳየው አውቄያለሁ። መልስ ግን አልመጣም። በማግስቱ ጠዋት የእናቴ ስልክ አልጮኸም። ምሳ ሰዓትም አልጮኸም። ሰዓቱን መልሼ አስሬላት ነበር፤ እየደጋገመች ብርጭቆውን በጣቷ ትነካና «ተበላሽቶ ይሆን?» ትለኛለች። በዚያ ሳምንት አንድም ቀን አልደወለላትም።

በዚያው ሳምንት ሰዓቱ የሚሳሳትበትን ምክንያት ያገኘሁ መሰለኝ። አመሻሽ ላይ መብራት ጠፍቶ፣ ሻማ ሳንለኩስ ገና ተቀምጠን ነበር። ሰዓቱን ለትንሽ ጊዜ ስጪኝ ብዬ የራሴ እጅ ላይ አሰርኩት። መብራቱ ቆዳዬ ውስጥ ገብቶ በዙሪያው አፈተለከ፤ የሰዓቱ ጠርዝ ሁሉ አረንጓዴ ጭላንጭል ሆነ። መልሼ እሷ እጅ ላይ ሳስረው ጭላንጭሉ ጠፋ። ደረቅ መሬት ጠብታ ውሃ እንደሚጠጣ ንቅሳቱ ብርሃኑን ጠጣው። ወደ ላይ፣ ንቅሳቱ ወደሌለበት ክንዷ ሳንሸራትተው ተመልሶ በራ።

«እማ፣ ንቅሳትሽ ነው» አልኳት። «ሰዓቱ ከመስቀሎችሽ በላይ አያይም።»

«መስቀል ምን በደለው?» አለች ተቆጥታ፤ ሰዓቱንም ቁልቁል ስባ ቦታው መለሰችው።

እሁድ ወንድሜ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ጀመረ። «ለእናቴ የገዛሁትን ካፌ ወስደህ ዳቦ ላይ አስረህ ታስቅበታለህ? የመንደር መሳቂያ ልታደርገኝ?»

«ዳቦ ላይም ቁጥር ያሳያል ለማለት ነው። ተሳስቷል እያልኩህ ነው።» መብራቱን፣ ንቅሳቱን፣ ወንፊቱን፣ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ስሜታዊ ሆኜ ስለነበር ቃላቶቼ ይደራረባሉ። «ሐኪም ቤት እንውሰዳት ነው የምልህ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሰማኝና ፊቱን ከእኔ መለሰ። አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ያዘ። «እማ፣ ከአንቺ ልስማ። ያምሻል? ይሄ ልጅ እንደሚለው ዳገት ላይ ትወድቂያለሽ?»

እኔ ጠበቅኩ። ሳልጨነቅ ነው የጠበቅኩት፤ ምስክሬ እሷ ነበረችና። ልቧን እንቅፋት እንደመታት የነገረችኝ እሷ ናት። ትናንት ማታ ትከሻዬን ጨምድዳ የቆመችው እሷ ናት።

እናቴ ሰዓቱን አየች። ከዚያ ወንድሜን አየች። እኔን አላየችኝም።

«ምንም አያመኝም» አለች። «ሰዓቱ ልክ ነው። ይሄ ልጅ ሥራ ስለሌለው እኔን ይቆጥራል።»

ወንድሜ ጉልበቷን ሳም አድርጎ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። በዚያች ቤት ውስጥ የማልፈለገው ሰው እኔ ሆንኩ። ወደ ውጭ ወጣሁና አጥሩ ሥር ቆምኩ። ሰው ጠላቱ ሲመሰክርበት ቢያንስ የሚጮህበት አለው። እኔ ማን ላይ ልጩህ? «ሥራ ስለሌለው» ያለችው እውነት ነው፤ «እኔን ይቆጥራል» ያለችውም እውነት ነው። ሁለቱን እውነት ገጥማ አንድ ውሸት ሠራችባቸው። እኔ ዕድሜ ልኬን ቃል ስገጥም እንደዚያ አድርጌ አላውቅም።

ዘንቢሏን መሸከሜን አልተውኩም። ዳገቱ ላይ ግን አናወራም ነበር።

ወንድሜ እንደገና መደወል ጀመረ። እናቴም እያደር ቀለሟ እየሄደ መጣ። አንድ አመሻሽ፣ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ሳታስጠነቅቀኝ እጄን ለቃ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ግንባሯ ውሃ ነው። አፏ ተከፍቶ አየር ይፈልጋል። አንገቷ ላይ የደም ሥሯ በቆዳዋ ሥር ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ ይታየኛል፤ ጣት እንኳ ማስቀመጥ አላስፈለገኝም። ሰዓቱ ሰባ ሁለት ይላል።

«ዝም ብለህ ቁም» አለችኝ በቀጭን ድምፅ። «ያልፋል።»

«አያልፍም እማ።»

ለወንድሜ አልደወልኩም። አንድ ታክሲ ኮንትራት ያዝኩና ደግፌ አስገባኋት። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስንወርድ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆመ፤ እናቴ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ የሰዓቱን ብርጭቆ ትነካካለች። «ሰባ ሁለት ነኝ» ትላለች ለራሷ። «ሰባ ሁለት ነኝ እኮ።» እንዲህ ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ እሷም እንደተከዳች ተሰማኝ፤ በምታውቀው ነገር ሳይሆን ልታምነው በወደደችው ነገር።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። «እማማ፣ ይሄን እናውልቀው» አለችና ሰዓቱን ፈታችው። ንቅሳቱን ስታይ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ እኔን አየችኝ። «እዚህ ላይ ነው የሚያስሩት?»

የእናቴ ደረትና እግር ላይ ሽቦዎቹን ለጠፈች። ማሽኑ ወረቀቱን እየጎተተ አወጣው። ወረቀቱን ስታሳየኝ ምንም ማስረዳት አላስፈለጋትም ነበር፤ ሾል ሾል ያሉት መስመሮች አንዱ ከአንዱ ያላቸው ርቀት አንድም ቦታ እኩል አልነበረም። ጣቴ ወራት ሙሉ ሲለኝ የነበረው ነገር ሁሉ እዚያ ተጽፏል።

«ልባቸው ምቷን አትጠብቅም» አለች። «ይሄ በጊዜ ካልታከመ ልብ ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ወደ ጭንቅላት ከሄደ ሰው ሽባ ያደርጋል። ደግነቱ ደርሳችኋል።»

ሰዓቱን አነሳሁና ጠየቅኋት።

«እነዚህ ነገሮች ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካሉ፤ ከደሙ ተመልሶ በሚመጣው ይቆጥራሉ። ቀለም ያለበት ቆዳ ላይ ብርሃኑ እዚያው ይቀራል። የሚያነበው ሲያጣ ይገምታል፤ እጅ ሲወዛወዝ ደግሞ ውዝዋዜውን ይቆጥራል። ባዶ ቆዳ ላይም ቢሆን ለእንዲህ ዓይነት ልብ በእሱ አይታመንም። አንተ በየጠዋቱ በቀኝ እጃቸው በጣትህ ያዝ። ሲረበሽ ንገረኝ።»

መድኃኒት ተሰጣት፤ ቀጠሮ ተያዘላት። ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ትንፋሿ ተመልሶ ነበር። ሳልፈልግ ከአፌ ወጣ።

«ያን እሁድ ለምን ምንም አያመኝም አልሽ?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «አንተ አለህ» አለች። «ብትቆጣም ማታ ትገባለህ። እሱ ግን ሰዓቷ ከመምጣቷ በፊት በስንት ጊዜ ነበር የሚደውለው? ንገረኝ እስኪ። ያን ዳቦህን የላክህለት ጊዜስ ስልኬ ሳምንቱን ሙሉ ዝም አላለም? ሰዓቷ ውሸታም ናት ካልኩት ምን ብሎ ይደውልልኛል?»

«ልጅሽ እኮ ነው። እናቴ ናት ብሎ ይደውላል።»

«እናቱማ ድሮም ነበርኩ።»

እጄን ያዘች። «ታመመች በለው። መድኃኒት ተሰጣት በለው። ስለ ንቅሳቱ ግን አትንገረው። ወደይ፣ ስለ ሰዓቱ ምንም አትንገረው።» ወደይ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ በዚህ ቋንቋ የምትጠራኝ የምትለምነኝ ነገር ሲከብዳት ነው።

አልነገርኩትም።

ወንድሜ በማግስቱ ፍራፍሬ ተሸክሞ መጣ። ጎረቤትም ለጥየቃ ቤቱን ሞላው። እኔ ሻይ አቀርባለሁ። አጠገባችን ያሉት እትዬ እናቴን አገላብጠው ሳሟትና «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ! ይሄንን የሚያህል ነገር እንዴት አወቃችሁት?» አሉ።

«ልጄ በገዛልኝ ሰዓት» አለች እናቴ፤ ንቅሳቷ ላይ መልሳ ያሰረችውን ሰዓት ከፍ አድርጋ እያሳየች።

«ተባረክ!» አሉት ሁሉም በአንድ አፍ። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። «ቴክኖሎጂ ነው» አለ። አላፈረም፤ ለምን ይፈር፣ የሚያውቀው እሷ የነገረችውን ነው። እትዬ ሻዩን ከእጄ ሲቀበሉ «አንተም እንደ ወንድምህ ቁምነገር ላይ ብትውል» አሉኝ። እናቴ ሰምታለች። ስኳር እንዳቀብላቸው በዓይኗ አመለከተችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋታችን እንዲህ ነው። እኔ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ቀኝ እጇን እይዛለሁ። ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ መድኃኒቱ ይዞታል። ዛሬ ጠዋት ግን ጣቴን ገና ሳሳርፍ አወቅሁ። ይዘላል፣ ይደርባል፣ ይቆማል። ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷም ገብቷታል። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጮኸ፤ በግራ እጇ አነሳችው።

«እማዬ፣ ሰባ አንድ!» ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማኛል። «መድኃኒቱ እንዴት እንደያዘልሽ አየሽ?»

«ተመስገን ልጄ፤ ደህና ነኝ። ልጆቹስ ትምህርት ቤት ሄዱ? ያቺ ትንሿ ጉንፋኗ ተሻላት?» ብዙ ጠየቀችው፤ ብዙ አወራት። ከጣቴ ሥር ልቧ ይደናቀፋል፤ ፊቷ ላይ ግን ወራት ሙሉ ያላየሁት ወዝ ወጥቷል። መጨረሻ ላይ ለእሱ ስጪልኝ ሳይላት አልቀረም፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

«አሁንስ አመንክ?» አለኝ ወንድሜ እየሳቀ። «ዳቦ ነው የምትል ይሆን አሁንም?»

እናቴ በዓይኗ ለመነችኝ።

«አምኛለሁ» አልኩት።

ስልኩ ሲዘጋ እጇን አልለቀቅኩም፤ እሷም አልወሰደችውም። «ነጠላሽን ልበሺ» አልኳት። «ቀጠሮሽ ሐሙስ ነበር፤ ዛሬውኑ እንሄዳለን።» ተነሳች፤ ጫማዋን ጎንበስ ብዬ አስገባሁላት፤ ዳገቱንም ቀስ ብለን ወረድን።